ጥይቱ ወይስ እጁ

የጆሮ መከላከያው ከጥምጣሜ በላይ አልገባ ብሎ አስቸገረ። የተኩስ ሜዳውን ቁልፍ የምትይዘው ስዊድናዊት አሮጊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ገፋችው፤ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ሳበችው፤ በመጨረሻ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ወይ ጨርቁ ይፈታል፣ ወይ ጆሮህ ይደነቁራል፤ ምረጥ» አለችኝ። በዚህ አገር ቋንቋ አንቱታ የለም፤ ቄሱም ተማሪውም ያው «አንተ» ነው።

የንስሐ ልጄ ከጎኔ ቆሞ ሳቀ። «ይፍቱት አባ። እዚህ ከእኔና ከእርሷ በቀር የሚያይዎት ጥዱ ብቻ ነው።»

ፈታሁት። ከተካንኩ ወዲህ ከቤቴ ውጭ በባዕድ ፊት ራሴን ገልጬ ስቆም የመጀመሪያዬ ነበር። ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ወዳለው ወደዚያ ጫካ የሄድኩት መሣሪያ ወድጄ አይደለም፤ ካህን መሣሪያ አይይዝም። የሄድኩት ለምስክርነት ነው። የምጽፈውም እርሱ ፈቅዶልኝ፣ በኑዛዜ የተባለውን ለኑዛዜ ትቼ፣ በባቡርና በጫካ የሰማሁትንና ያየሁትን ብቻ ነው።

የንስሐ ልጅ ብለውም ዕድሜው ከእኔ ብዙ አያንስም። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ከዚያ እስረኛ፣ ከዚያ ስደተኛ ሆነ። እዚህ ከገባ በኋላ እስከ ጡረታው ቱነልባና፣ ማለትም የከተማውን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ሲነዳ ኖረ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ በኖርስቦሪ ብቻውን ይኖራል። በየሐሙሱ ረፋድ ከስዊድናውያን ጡረተኞች ጋር በዚያ ሜዳ በሪቮልቨር ዒላማ ይተኩሳል፤ ጥይቱንም ራሱ ይሠራል። የተተኮሰውን ቀለህ ያጥባል፣ አዲስ ባሩድ ይሰፍርበታል፣ እርሳሱን ከላይ ይገጥመዋል። ቀድሞ፣ «ያን ሁሉ ዘመን የተኮስከው አልበቃህም?» ብዬ ተቆጥቼው ነበር።

«አባ፣ እዚያ የምተኩሰው ወረቀት ነው፤ ወረቀት እናት የላትም» አለኝ። ቀጥሎም፣ «በዚህ አገር ስሜን አስተካክለው የሚጠሩኝ እዚያ ብቻ ናቸው» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገርኩትም።

ነገሩ የተጀመረው በዐቢይ ጾም ነው። ከስዊድናውያን በምንከራየው ቤተ ክርስቲያን፣ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ጃንጥላ የሚይዘው እርሱ ነበር። አንድ እሑድ ጽዋው ወጥቶ ቀና ስል፣ የጃንጥላው የወርቅ ዘርፍ ሲርገፈገፍ አየሁ። ነፋስ ገባ ብዬ ዲያቆኑን መስኮት እንዲዘጋ በዓይኔ ጠቀስኩት። ዲያቆኑ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ተመለሰ፤ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ብጠይቀው፣ «ጾሙ ነው አባ። እስከ ማታ እህል አይገባ፣ እጅ ምን ያድርግ?» አለኝ።

«እንግዲያስ አላላው። ለሽማግሌና ለደካማ ተፈቅዷል፤ እኔም ፈቅጄልሃለሁ።»

«እርስዎ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣሉ፤ ታዲያ ጾሙን አላልተዋል?»

ጾሙ ነው መባሉን ማመን ለእኔም ቀለለኝ።

በሰሙነ ሕማማት ሴት ልጁ ከሜርስታ ደወለችልኝ። እዚያ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በዕቃ ማከማቻ የምትሠራ፣ አማርኛ ሰምታ በስዊድንኛ የምትመልስ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን ቃል በቃል እየፈለገች በአማርኛ ተናገረች። «አባ፣ ወደ ቮርድሴንትራል ይሂድ ይበሉት፤ የሰፈሩ ሐኪም ይየው። እኔን አይሰማኝም። ስልክ ሲያነሣ ስልኩ መነጽሩ ላይ ሲንኳኳ እሰማለሁ። ኳ ኳ ኳ ይላል። ይፈራል፣ እኔም እፈራለሁ።»

የሚፈራውን አውቅ ነበር። በዚህ አገር ሕግ ሐኪም የመሣሪያ ፈቃድ ያለውን ሰው መርምሮ መሣሪያ መያዝ አይገባውም ብሎ ካመነ፣ ለፖሊስ የመጻፍ ግዴታ አለበት። «ሐኪሙ ዘንድ በሄድኩ ማግስት ሽጉጤን ይወስዳሉ፤ ሐሙሴንም ይዘውት ይሄዳሉ» ብሎኝ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። በዓለ ሃምሳ ሲገባ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ስለዚህ በጾም ማመካኘት ቀረ። የጃንጥላው ዘርፍ ግን ይርገፈገፋል። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ፤ ዒላማው ላይ ጥይቶቹ እየተበተኑበት ስለ ነበር፣ «ባሩዱ ነው። የባሩዱ ሚዛን አርጅቶ አንዱን አብዝቶ አንዱን እያሳነሰ ይሰፍርልኛል» አለ። ሊያሳየኝ ኖርስቦሪ ከፎቁ ሥር ወዳለው የዕቃ ክፍሉ አወረደኝ። ቀለሆቹ እንደ ሻማ ተደርድረው ቆመዋል። ትንሿ የሚዛን ሳህን ብቻዋን ሳለች ጸጥ ብላ ትቆያለች፤ ማንኪያው ሲቀርባት ትንቀጠቀጣለች። እርሱ ሳህኗን ያያል፤ እኔ እጁን አያለሁ።

በልጅነቴ በንባብ ቤት ሳለሁ የኔታ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። አንዱ ተማሪ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲሰናከል ወዲያው አይገርፉትም፤ መጽሐፉን ተቀብለው ለሌላው ይሰጡታል። ሌላውም እዚያው ከተሰናከለ ግድፈቱ የጸሐፊው ነው፤ መጽሐፉ ይታረማል። ሌላው ቀጥ አድርጎ ካነበበው ግን ያ የመጀመሪያው ተማሪ ዐንገቱን ይደፋል። ይህን ነገርኩትና፣ «ጥይትህን ለሌላ ሰው ስጠው» አልኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ።

«የሜዳውን ቁልፍ የምትይዘው አሮጊት ትተኩስ» አለ። «ከሁላችንም የምትሻል እርሷ ናት። እርስዎም ይቁሙና ይዩ። ጥይቱ ንጹሕ ከሆነ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ጥፋቱ የጥይቱ ከሆነ ግን፣ እርስዎም ልጄም ሁለተኛ ሐኪም ስትሉ አልስማ።»

«ይሁን» አልኩት። በባቡር ስመለስ ለየትኛው እንደምጸልይ አላወቅሁም። ለጤናው ባስብ፣ ሐኪም እንዲያየው፣ ጥይቱ ንጹሕ እንዲሆን መለመን ይገባኝ ነበር፤ ልቤ ግን ጥይቱ እንዲበላሽ ተመኘ።

ያን ሐሙስ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ እርሱ ቆሞ ተኮሰ። እጁን ሲዘረጋ ሽጉጡ እንደ ሰነፍ ደብተራ መቋሚያ ይወዛወዛል፤ በሌላ እጁ ደግፎ ቃታውን ሳበ። ወረቀቱ ሲመጣ ቀዳዳዎቹ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ተበታትነው ነበር፤ አንዱ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ነው። «አዩ? ይኸው!» አለኝ፤ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

አሮጊቷ ከዚያው ካርቶን ጥይት አንሥታ የእርሱኑ ሽጉጥ አጎረሰች። አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ እጇን አሳርፋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ሳትቸኩል ተኮሰች። ወረቀቱ ሲመጣ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ተነካክተው ነበር፤ በአውራ ጣቴ ብሸፍናቸው ይሸፈናሉ።

«ከከረጢት ላይማ ሕፃንም ይመታል» አላት በስዊድንኛ። «ቆመሽ ተኩሺ።»

«ሕፃኑን አምጣውና እንየው» አለችና ቆማ ተኮሰች። ጥቂት ሰፋ፤ ከጥቁሩ ክብ ግን አንድም አልወጣም። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ ወረቀቱን አየችና፣ ልታመሰግነው ብላ፣ «ጥይትህ እኮ ከፋብሪካው ይሻላል» አለችው።

የእርሱን ፊት ላለማየት ወደ ጥዱ ዞርኩ።

አልተቀመጠም፤ አንድ ተስፋ ቀርቶት ነበር። እርሱም ከረጢቱ ላይ እጁን አሳርፎ ሊሞክር ፈለገ። ከረጢቱ ክንዱን ያዘለት፤ ጣቱን ግን የሚይዝለት አልነበረም። ቃታው ላይ ጣቱ ሲንቀጠቀጥ ከኋላው ሆኜ አየሁት። ሳይተኩስ ሽጉጡን ከፍቶ ጥይቶቹን በጠረጴዛው ላይ አፈሰሳቸው። አንዱ ተንከባልሎ ወደ እግሬ መጣ፤ አጎንብሼ አላነሣሁለትም።

አሮጊቷ መጥታ አጠገቡ ቆመች። «ከበልግ መግቢያ ጀምሮ ነው፣ አይደል?» አለችው።

«ምኑ?»

«እጅህ። ሁላችንም አይተናል።»

«ሁላችሁም?» አለ። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተ ሳታነሣው እኛ እንዴት እናነሣዋለን?» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ በእነርሱ ዘንድ አክብሮት ይህ ነው። እርሱ ግን ያን ሁሉ ሐሙስ ሲደብቀው የኖረውን ሲያዩበት እንደ ኖሩ በዚያች ቅጽበት ዐወቀ። ሽጉጡ ስለ እጁ ከነገረው በላይ የከበደው ይህ ይመስለኛል።

ወደ እኔ ዞረ። «አባ፣ ምስክር ነዎት፤ ይናገሩ።»

«ልጄ» አልኩት፤ «ግድፈቱ ከመጽሐፉ አይደለም።»

ራሱን ነቀነቀ። ጥምጣሜን አንሥቶ ሰጠኝ፤ እኔ ስጠመጥም እርሱ ባዶ ቀለሆችን ከመሬት ይለቅም ነበር፤ ከልማድ ይመስለኛል። በቀዩ መሥመር ስንመለስ እኔ የምወርደው ሻርሆልመን ነው። በሩ ተከፈተ፤ አልወረድኩም። እርሱም ለምን አላለኝም። እስከ ኖርስቦሪ፣ እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ አብረን ሄድን።

ቃሉን ጠበቀ። የሰፈሩ ሐኪም ወደ ታላቁ ሆስፒታል ላከው፤ እዚያም በሽታው ፓርኪንሰን እንደሆነ ነገሩት። የሚያዘገየው መድኃኒት እንጂ የሚያድነው እንደሌለም አልሸሸጉትም። ሁለት ወጣት ፖሊሶች ቤቱ መጥተው ሽጉጡን ሲወስዱ ልጁና እኔ አብረነው ነበርን። ትሑታን ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። እርሱ የጥይት ካርቶኖቹን ራሱ አወጣላቸው።

«ይህስ ምን ይደረጋል?» አላቸው።

«ይወገዳል» አለው አንደኛው።

«ጥሩ ጥይት ነው» አላቸው። ልጁ በስዊድንኛ «አባዬ፣ ተወው» አለችው። «ተፈትኗል እኮ» አለ።

የተኩስ ጓደኞቹ ሐሙስ ሐሙስ ለቡና እንዲመጣ ደጋግመው ጠሩት። አንድ ቀን ሄዶ ተመለሰ። «ጆሮዬን ደፍኜ የሰው ተኩስ ላዳምጥ?» አለኝ፤ ሁለተኛ አልሄደም።

ሽጉጡ በተወሰደበት ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በፊት መጥቶ፣ «ጃንጥላውን ለሌላ ይስጡት፤ ሕዝቡ ያያል» አለኝ።

«ይየው» አልኩት። «በሁለት እጅህ ያዘው።»

ያዘው። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ዘርፉ ከፊተኛው ይልቅ ተርገፈገፈ። ከሌላ ከተማ የመጣ፣ እርሱን የማያውቅ ዲያቆን ነበር፤ ቀና ብሎ ዘርፉን አየና ወደ መስኮቱ ዞረ። የንስሐ ልጄም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መስኮቱ ዝግ ነው ልጄ፤ እኔ ነኝ» አለው።

እስከ ጾመ ፍልሰታ ድረስ ያዘው። ከዚያ በኋላ የጃንጥላው ዘንግ ከበደው፤ አሁን ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ከነጠላው ሥር አድርጎ ያስቀድሳል።