አባቴን ድልድይ ላይ ያስቆምኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚኒባስ ስሄድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመንና ትርፍ የተጫኑት ሦስት ሰዎች እንዲወርዱ አዘዘ። ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ «ቆይ፣ የአክስቴ ልጅ እኮ እዚሁ ነው የሚሠራው፤ ልደውልለት» ብሎ ስልኩን አወጣ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን አባቴ ትዝ አለኝና መሳቅ አቃተኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ ያለ የእንጨት ድልድይ እንድቆጣጠር ተመደብኩ። በዚያ ክረምት ድልድዩን ከተሸከሙት ግንዶች አንዱ መበስበስ ጀምሮ ስለነበር፣ መሐንዲስ መጥቶ እስኪያየው ድረስ ጭነት የያዘ መኪና እንዳያልፍ ታዘዘ። ጭነቱ ይራገፋል፣ ሰው በእግሩ ይሻገራል፣ መኪናው ባዶውን ያልፋል። የእኔ ሥራ መንገዱን የዘጋውን ሰንሰለት መጠበቅና ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ለሾፌሮች ማንበብ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ደብዳቤ ማንበብ ደስ ይለኝ ነበር። ዶዮገና ላይ በከምባትኛ አፉን ለፈታ ልጅ የቢሮ አማርኛ ያኮራል።

ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ሲዘንብ አድሮ ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር። ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል። አንድ የጭነት መኪና ድንች ቆልሎ መጣና ሰንሰለቱ ጋ ቆመ። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው አባቴ ነበር።

አባቴ የድንች ነጋዴ ነበር። የራሱንም የጎረቤቶቹንም ሰብስቦ ጭኗል፤ መንገዱ በጭቃ ተይዞ ስለቆየ፣ ከታች ያሉት ጆንያዎች መሽተት ጀምረዋል። ያን ቀን ገበያ ካልደረሰ የሚጣል ነው። ፈገግ እያለ ወረደና በከምባትኛ፣ «ደህና አደርክ ልጄ? በል ክፈትልን፤ ገበያው ሳይሞቅ እንድረስ» አለኝ።

ሾፌሩ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ከኋላ ሌሎች ሁለት መኪናዎች ደርሰው ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ደብዳቤውን ከኪሴ አወጣሁና በአማርኛ፣ «ጭነት ይዞ ማለፍ ክልክል ነው። ያራግፉ» አልኩት።

ቤት ውስጥ «አንተ» የምለውን አባቴን ነው «ያራግፉ» ያልኩት።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሁንም በከምባትኛ፣ «ልጄ፣ ድንቹ እኮ የእኔ ብቻ አይደለም» አለ።

«ትእዛዝ ነው» አልኩ፣ በአማርኛ።

ጋቢውን አውልቆ ለሾፌሩ አቀበለና የመጀመሪያውን ጆንያ ራሱ ተሸከመ። ከኋላ በቆሙት መኪናዎች የነበሩ ተሳፋሪዎችም ወርደው አገዙት። የድልድዩ ጣውላ እርጥብ ነበርና እያንዳንዱ እርምጃው ያስፈራ ነበር። አንዱን ጆንያ ልቀበለው ስጠጋ፣ «አንተ ሰንሰለትህን ጠብቅ» አለኝ። በአማርኛ። በሕይወቴ በአማርኛ ያናገረኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ገበያ የደረሱት ሰው መበተን ሲጀምር ነው። ግማሹ ተሸጠ፤ የቀረው ለከብት ሆነ።

ክረምቱን ሙሉ አኮረፈኝ። መሐንዲሱ ዘግይቶ መጣና ግንዱን አስቀየረ። «ያ ሁሉ ድንች ቢያልፍበት ኖሮ ይሰበር ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሊሰበርም ይችል ነበር፣ ሊሸከምም ይችል ነበር፤ ማን ያውቃል» አለኝ።

ለመስቀል ቤት ገባሁ። በእኛ አገር ተኳርፎ የመስቀልን ሥጋ መብላት ነውር ነው። ክትፎውና ቆጮው ሲቀርብ አባቴ ጠርቶ ከጎኑ አስቀመጠኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። «ሾፌሩ ድልድዩ ተዘግቷል፣ አልሄድም ሲለኝ፣ ‹ግድ የለህም፣ እዚያ ያለው ልጄ ነው› ብዬ አመጣሁት። ማስቆምህ ልክ ነበር።» ቆጮ ቆርሶ ሰጠኝ። «ግን ሰው ፊት እንደ ባዳ ስታናግረኝ... ያን ያህል ሩቅ ሰው ሆንኩብህ?»

ጉልበቱን ሳምኩት።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው። እኔም አዲሎና ዳምቦያ ከተሞች ተመድቤ ስንቱን መኪና ሳስቆም ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ያ ግንድ ጭነቱን ይችል እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ያ ጠዋት ቢደገም ሰንሰለቱን አልከፍትም። ግን አባቴን ጠጋ ብዬ፣ እጁን ይዤ፣ በቤታችን ቋንቋ፣ «አባባ፣ ድልድዩ ታሟል፤ ና አብረን እናራግፈው» እለው ነበር።