ካልለመለመ እኔን ቁረጡኝ

ባለፈው ሳምንት፣ በየካቲት፣ እዚህ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር፣ ጎረቤቴ መጋዝ የያዘ ሰው አመጣ። በአጥራችን መካከል የቆመውን ግራር ሊያስቆርጥ ነው። "ደርቋል እኮ እትዬ፣ አንድ ቅጠል የለውም" አለኝ። ደሜ ፈላ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ይህች ቁጣዬ ግን አላረጀችም።

በደርግ ዘመን፣ ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ የደን ባለሙያ ተብዬ ካደግኩበት ከጎሬ ባሕር ዳር ተመደብኩ። ጎሬ ዛፉ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠሉን ሙልጭ አድርጎ ያራገፈ ዛፍ ለእኔ የሞተ ዛፍ ነበር። ሥራ ብለው የሰጡኝ ደግሞ ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ድንጋያማው ተረተር ላይ ያለውን ደረቅ ዛፍ ሁሉ ኖራ መቀባት ነው። የተቀባው ለማገዶ ይቆረጣል።

ያኔም የካቲት ነበር። ሐይቁ ዳር ሾላውና ዋርካው ለምልሟል፤ ተረተሩ ላይ ግን ግራሩም አባሎውም እርቃኑን ቆሟል፣ ሣሩ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ሁለት ቀን ሙሉ ስቀባ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ እዚያው ዛፎቹ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ከበሶአቸው አካፈሉኝና ባልዲዬን አዩት።

"ልጄ፣ ያልሞተ ትገንዣለሽ?"

"ደረቅ ነው እኮ፣ አባቴ።"

በአውራ ጣታቸው ጥፍር የግራሩን ቀንበጥ ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ወጣ።

"ውኃውን ቆጥቦ ነው። እዚህ ጠጉሬ እስኪሸብት ኖርሁ፤ ዝናቡ ሳይመጣ፣ ሚያዝያ ላይ ያቆጠቁጣል። በልጅነቴ ይህ ሁሉ ወይራ ነበር። ወይራው ሲቆረጥ ግራሩ ወረሰው። ግራሩም ከሄደ የሚወርሰው ድንጋይ ነው።"

አፈርኩ። ማፈር ብቻውን ግን ዛፍ አያድንም። ጆንያ አርጥቤ የራሴን ኖራ ማጠብ ጀመርኩ፤ አያ ተገኘ ውኃ በቅል ያመላልሱልኛል። በመጨረሻ ሦስት በእውነት የሞቱ ዛፎች ብቻ ምልክት ይዘው ቀሩ።

ሥራውን የሚቆጣጠረው ካድሬ መጥቶ ተረተሩን ከዳር እስከ ዳር አየ። "ሦስት ዛፍ ብቻ? ዓይን የለሽም፣ ጓድ?"

"ዓይንስ አለኝ። የሚያስፈልገው ጥፍር ነው" ብዬ ቀንበጥ ፋቅኩለት። ዞር ብሎም አላየው።

"የአብዮቱን ሥራ እያደናቀፍሽ ነው። ነገ ቆራጮቹ ይገባሉ።"

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ሰው ከቤቱ ወጥቶ ይቀር ነበር። ቢሆንም ይዞት የመጣውን የቆረጣ ትእዛዝ ወረቀት ከእጁ ተቀብዬ እዚያው ቆሜ ጻፍኩበት፦ "እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካልለመለመ እኔን ቁረጡኝ።" ፈረምኩ። ኃላፊነቱ ከእሱ ትከሻ ወርዶ እኔ ላይ ስላረፈ ሳይቀለው አልቀረም፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ሚያዝያ ገባ፤ ዝናብ የለም። በየጠዋቱ እየወጣሁ ቅርንጫፍ ሳይ እውላለሁ፣ ማታ እህል አይወርድልኝም። አንድ ጠዋት ግን ተረተሩ ከሩቅ ስስ አረንጓዴ ለብሶ ጠበቀኝ። ጠብታ ሳይወርድበት። ካድሬውን ራሴ ሄጄ አመጣሁት። ቆሞ አየው። ወረቀቴን እንዲመልስልኝ እጄን ዘረጋሁ፤ መለሰልኝ።

ተረተሩ ዛሬም እንደዚያው ነው ብዬ አልዋሽም። ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆኗል፣ አባሎው ጠፍቷል፣ ግራሩም ቁጥቋጦ ሆኖ ቀርቷል። አያ ተገኘም የሉም። ደን ይለዋወጣል፤ ይህን እያዘንኩም ቢሆን ተቀብያለሁ። በሕይወት ያለውን ሞቷል ሲሉት ግን አልቀበልም።

ጎረቤቴን "ጥፍርህን አምጣ" አልኩት። ሳቀብኝ። ወንበሬን አውጥቼ ከግንዱ ሥር ተቀመጥኩ። ይህንንም የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው፤ ሚያዝያ እስኪገባ አልነሳም።