አልቅት ነው ብላ የመጣችው ልጅ

"እትዬ፣ አልቅት ገብቶብኛል፤ መድኃኒት ይስጡኝ።"

ዛሬ ጠዋት ከወረታ ወጣ ብሎ ባለው የጤና ኬላችን እንዲህ ያለችኝ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ትናንት ውሃ በተኛበት ማሳ ሩዝ ስታርም ውላ፣ ቤት ስትገባ ቀሚሷ ላይ ደም አየች። አልቅቱን ያስለቅቃል ተብሎ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ጠጥታም ደሙ አልቆመም።

ፎገራ ላይ ሩዝ ያረመ ሰው አይስቅባትም። አልቅቱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

"አይዞሽ፣ የወር አበባ ነው" አልኳት።

"የምን አበባ?" አለችኝ።

ይህን ለልጆችም ለወላጆችም በሥዕል የሚያስረዳ መጽሐፍ ለትምህርት ቤታቸው መጥቶ ነበር። ሥዕሉ ነውር ነው ተብሎ ተቆለፈበት። እስካሁን ገጽ በገጽ የጨረሰው ምስጥ ብቻ ነው።

ልጅቷን አስረድቼ ወደ ቤቷ ይዣት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እናቷን ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት።

"ምነው እናቴ፣ ቀደም ብለው ቢነግሯት ምን ነበረበት? አልቅት መስሏት ስትጨነቅ አድራለች እኮ!"

እናትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣

"አልቅት ነው ያልኳት እኔ ነኝ፤ ጨዉንም የበጠበጥሁላት እኔው ነኝ" አሉኝ። "ምን እንደሆነማ አውቄያለሁ። ግን ምን ብዬ ልንገራት? ለእኔም እናቴ ጨው ነው የበጠበጠችልኝ።"

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ።

እናንተስ ቤት ማን ነገራችሁ? በምን ቃል? እባካችሁ ጻፉልኝ። ልጅቷ ታናሽ እህት አለቻት፤ እናትየዋ ለእሷ የሚሏትን ቃል ይፈልጋሉ።