የከሃዲው ቅም አያት መዝገብ

ፀሐፊዋ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የፍርድ ቤት ቃል ስትጽፍ ኖራ ጡረታ ከወጣች ሦስት ወር ሳይሞላት ቤት መቀመጥ አንገፈገፋት። ቁም ሳጥኑን ሁለቴ ገለባበጠች፤ የባሏን ካልሲዎች በቀለም በቀለም ለየች። ባሏም "አንቺ ሴትዮ፣ እኔንም ቁጥር ሰጥተሽ መደርደሪያ ላይ ሳታስቀምጪኝ የሚሠራ ነገር ፈልጊ" አላት። ያን ጊዜ ነው ቅም አያቷ ትዝ ያላት።

ይህ ሰው በዘመድ አዝማድ አፍ "ከሃዲው" ከመባል በቀር ሌላ መጠሪያ የለውም። ከመቶ አርባ ዓመት በፊት በገጠር የኖረ፣ ሚስቱን ከድቶ ዳኛ ፊት የቆመ ሰው ነው እየተባለ ሲወራበት ኖሯል። ከቤተሰቡ አንዱ ወንድ ከሥራ ትንሽ ከዘገየ ሚስቱ "ምን ይደረግ፣ ዘር ከልጓም ይስባል!" ትላለች። ፀሐፊዋ ግን መዝገብ ሳታገላብጥ በማንም ላይ የምትፈርድ ሴት አይደለችም።

አሮጌው መዝገብ ቤት ከፍርድ ቤቱ ሥር፣ ከምድር በታች ነው። ካፖርቱን የማያወልቅ ጠባቂ ተቀበላት።

"እናቴ፣ እዚህ የሚወርደው ወይ መሬት የሚፈልግ ነው፣ ወይ አይጥ የሚያጠፋ። እርስዎ ከየትኛው ነዎት?"

"እኔ እንኳ የመጣሁት ከሃዲ ፍለጋ ነው።"

"እሱማ ፎቅ ላይ ሞልቷል" አለና ጠረጴዛውን በእጅጌው ጠረገላት።

በአራተኛው ቀን፣ ጠርዙን ብል የበላው ወረቀት ላይ አገኘችው። "የሴትዮዋ ቃል፦ ባሌ ከዳኝ" ይላል። ከሥሩ ግን የጎረቤት በሬ አንድ ክምር ሣር በላ የሚል አቤቱታ ተከትሏል። ባሏ የከዳት ሴት ስለ በሬ ምን አስጨነቃት? ፀሐፊዋ የቀሩትን ገጾች እስከ መጨረሻው አነበበችና ሳቋ አመለጣት፤ ጠባቂው አይጥ መስሎት መጥረጊያ ይዞ ደረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቅም አያቷ ሣር ከዳኝ ነው፤ የሰው ቤት ጣሪያ በሣር እየከደነ የሚያድር። ለሥራ የከመረውን ሣር የጎረቤት በሬ ሲበላበት እሱ የሰው ጣሪያ ላይ ስለነበር ሚስቱ ልትከስ ሄደች። ጆሮው የከበደው የችሎቱ ጸሐፊ "ባልሽስ?" ብሎ ሲጠይቃት፣ ሥራውን የጠየቃት መስሏት "ባሌ? ከዳኝ!" አለችው። "አይዞሽ" አላትና ጻፈው።

በሳምንቱ መልእክተኛ መጥቶ ከጣሪያው ሥር ቆመ።

"ሚስትህን ከድተሃል ተብለሃልና ውረድ።"

"ሚስቴን? ይቺውና አጠገብህ ቆማ ሣር እያቀበለችኝ!"

"እሱን ለዳኛው ንገር።"

ዳኛው ቱግ ባይ ነበር። "ወደ ሚስትህ ተመለስ!" አለው።

"ጌታዬ፣ መቼ ተለየኋትና?"

"ይኸው፣ ደግሞ ይክዳል!"

ሚስቲቱ ልትናገር ብትነሣ "ፈርተሽው ነው" ብሎ አስቀመጣት። ከዚያ አብረው መኖራቸው እንዲታይ ሰኞ ሰኞ ሁለቱም ችሎት እንዲቀርቡ ፈረደ። መንገዱ ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን ነው። ሰባት ዓመት ክፉ ቃል ያልተነጋገሩ ባልና ሚስት፣ አሁን ሰኞ በመጣ ቁጥር በላይኛው እንሂድ በታችኛው እያሉ ይነታረኩ ጀመር። ደንበኛውም "ሚስቱን የከዳ የኔን ጣሪያ ሊከድን?" እያለ ሸሸው። በሬውም የሣሩ ባለቤቶች የሌሉበትን ሰኞ ለይቶ አወቀ።

በአሥራ ዘጠነኛው ሰኞ ዶፍ ወረደ። የችሎቱ ሣር ክዳን አፈሰሰና ውሃው በዳኛው ማጅራት ገባ።

"በዚህ አገር ጣሪያ የሚያውቅ ሰው ጠፋ?" ብሎ ጮኸ።

"ባሌ ከዳኝ!" አለች ሴትዮዋ ብድግ ብላ።

ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። ዳኛውም "ሰማን እኮ! ስንቴ ትነግሪናለሽ?" አላት።

"ጣሪያ ጌታዬ! የሚከድነው ጣሪያ ነው!"

ዳኛው ጸሐፊውን አየ፤ ጸሐፊው የቀለም ብልቃጡን አየ።

ሰውየው ያኔውኑ ከሰኞው ቀጠሮ ተለቀቀ፤ የችሎቱን ጣሪያ እንዲከድንም ታዘዘ። መዝገቡ ግን "በቀለም የተጻፈ አይፋቅም" ተብሎ እንዳለ ቀረ። ሥራ አገኘሁ ብሎ በየማለዳው ወደ ችሎት ሲገሰግስ መንደርተኛው "አሁንስ ባሰበት፣ በየቀኑ ይጠሩት ጀመር" አለ። ቢቸግረው ሚስቱን ይዞ ወንዝ ተሻገረ፤ ስሙ ቀድሞት ተሻግሮ ጠበቀው። ያም ሆኖ ከሚስቱ ጋር ስድስት ልጅ ወልደው አብረው አረጁ። የበሬው ባለቤት አንድም ቀን አልተጠራም።

ፀሐፊዋ ቅጂውን ይዛ እየሮጠች የሰባ ስምንት ዓመት አጎቷ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበው። በደስታ ያለቅሳል ብላ ስትጠብቅ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ለማን ተናገርሽ?"

"ገና ለማንም፣ ጋሼ።"

"እንዳትናገሪ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሚስት ባመጡልኝ ቁጥር 'ዘራችን ከሃዲ ነው፣ የሰው ልጅ አልበድልም' እያልኩ ነው የተረፍኩት። ያቺ የፊት ለፊቷ ባልቴት ብትሰማ ምን ይውጠኛል?"

ፀሐፊዋ ወደ መስኮቱ አየች። ባልቴቷ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ነበር።

"እንደምን ዋሉ እትዬ!" አለች ፀሐፊዋ መስኮቱን ከፍታ። "ይግቡ እስቲ፣ አንድ ወረቀት ላንብብልዎት።"