የላይኛው መስመር

ታፔላ ጸሐፊውን ሰዉ ሁሉ ጋሽ ማስመሪያ ይለው ነበር። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ጫማ ሰፊም መጣ ልብስ ሰፊ፣ «ከላይ የሚሆነው የቱ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ብሩሽ አያነሣም። የላዩን መስመር ለክቶ፣ በጠመኔ ዱቄት የታሸ ክር ወጥሮ፣ ጠብ! አድርጎ ካሰመረ በኋላ ነው ሌላው ቃል ሁሉ ስፍራ የሚያገኘው። አንድ ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ የራሱንም የልጁንም ስም፣ ስልክ ቍጥሩንም ጭምር ከላይ ካልጻፍክልኝ ብሎ ቢያስቸግረው፣ «ወንድሜ፣ ያንተ ደንበኛ ስንት ራስ አለው?» ብሎ አስቆት ነበር።

እንዲህ ሲል አርባ ዓመት ሠራ። ሚስቱ ካረፈች በሁለተኛው ዓመት ላይ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች አንድ ሰሌዳ አዘዙት። ጉባኤውን የመሠረቱት የሠላሳ ሰዎች ስም በእንጨት ላይ ተጽፎ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ሊሰቀል ነው። ዝርዝሩ በጉባኤው ወረቀት ተተይቦ መጣለት። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተጻፈችው ሚስቱ ነበረች፤ ጉባኤው የተጀመረው በእነርሱ ሳሎን፣ ከጎረቤት በተዋሱት አግዳሚ ወንበር ላይ ነውና።

ስሟን ባየ ጊዜ የዘወትር ጥያቄውን ረሳ። ማንንም ሳይጠይቅ በሰሌዳው አናት ላይ ስንዝር በሚያህል ፊደል፣ በወርቃማ ቀለም ጻፋት። የቀሩትን ሃያ ዘጠኙን በግማሹ አድርጎ ከሥሯ ደረደራቸው። ዘጠኝ ቀን ፈጀበት።

በዐሥረኛው ቀን የጉባኤው ጸሐፊና የሟቿ ታናሽ እኅት ወደ ሱቁ መጡ። ጸሐፊው ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ሰሌዳውን አየ፣ መነጽሩን ጠረገና እንደገና አየ።

«ጋሽ ማስመሪያ፣ የጌታ ስም የታለ?»

«የቱ?»

«ከወረቀቱ አናት ላይ ያለው ነዋ!»

ጋሽ ማስመሪያ ወረቀቱን ከሰቀለበት ሚስማር ላይ አወረደው። እውነትም ከአናቱ ላይ «ኢየሱስ ከሁሉ በላይ ነው» የሚል አለ። ይህ ቃል ያልታተመበት የጉባኤው ወረቀት የለም፤ የስብሰባ ጥሪ ላይ አለ፣ የሠርግ ደብዳቤ ላይ አለ፣ ጣራው አፈሰሰ የሚል ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር አለ። ዐይኑ ከመልመዱ የተነሣ እንደ ወረቀቱ ንጣት ቈጥሮት አልፏል።

«ለዚህ እኮ ነው በቀይ ያሰመርኩበት» አለ ጸሐፊው።

«አንተ ያላሰመርክበት ወረቀት መቼ አለና!»

«ቀላል ነው እንግዲህ። እዚህ ከጠርዙ ጋር፣ ሁለት ጣት የምታህል ቦታ አለች።»

«በሁለት ጣት ቦታ ‹ከሁሉ በላይ› ብዬ ልጻፍ? ሰው አይስቅብኝም?»

የሚስቱ እኅት ወደ ሰሌዳው ቀረበች። «ጋሼ፣ እሷን እንዳትነካት!» አለች። «ከግርጌ ጻፈው። ጌታ እንደ ሰው በቦታ አይቀየምም።»

«እሱ አይቀየምም። ቃሉ ግን ከግርጌ ሆኖ ‹ከሁሉ በላይ› ቢል ውሸት ይሆናል» አላት ጋሽ ማስመሪያ።

«እሷ ባትኖር ይሄ ጉባኤ ይኖር ነበር? በል ንገረኛ!»

ጋሽ ማስመሪያን ግን ትዝ ያለው የሳሎናቸው ግድግዳ ነው። ጸሎቱ የተጀመረ ሰሞን የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ከአግዳሚው ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ሚስማሩ ብቻውን ቀርቷል። «ፎቶው የታለ?» ቢላት፣ «ጓዳ አስገባሁት። የኔንና ያንተን ፊት እያዩ ለማን ይዘምሩ?» አለችው። አንድ ሳምንት አኵርፎ ነበር፤ እሷ ግን ሳቀችበት እንጂ ፎቶውን አልመለሰችውም።

«የሚፍቀው ሌላ ሰው ልጥራልህ?» አለ ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ጨርቅ አኳራጅ በሚሉት የቀለም ማቅጠኛ ነክሮ ቀለሙን አራሰ፤ በምላጭም ፊደል በፊደል ፋቃት። የመጀመሪያዋ ፊደል ብዙ ቈየችበት፣ የቀሩት ፈጠኑ። እኅቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ መንገዱን ታይ ነበር። ከዚያ በፊተኛው ልማዱ የላዩን መስመር ለካ፣ ክሩን ወጥሮ ጠብ አደረገ፣ ቃሉንም ስንዝር በሚያህል ፊደል ጻፈ። ሚስቱን ከሃያ ዘጠኙ ስሞች ሥር፣ ከማንም ባልበለጠ ፊደል አስገባት።

ሰሌዳው በተሰቀለ ዕለት እኅቲቱን ከአዳራሹ በር ላይ አቆማት። ማናቸውንም ታፔላ ሳያስረክብ በፊት ሰውን ከሩቅ አቁሞ ማስነበብ ልማዱ ነው።

«ከዚህ ምን ይነበብሻል?»

«ኢየሱስ ከሁሉ በላይ ነው።»

«እኅትሽስ?»

ዐይኗን አጥብባ ብዙ ፈለገች። «ቀረብ ካላልኩ አትታየኝም» አለች።

«ቅረቢያ» አላትና መሰላሉን ሊያጥፍ ሄደ።