የተደፋው ሩዝ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንዲት የዘመድ ልጅ የሂና ቀን አንድ ድስት ሙሉ ሩዝ በሥጋ አስደፍቻለሁ። ሰፈሩ እስካሁን ያማኛል። «አርጅታለች፣ ጀርም ትፈራለች» ይላሉ አሉ። ይበሉ። የማን ሂና እንደነበር አልናገርም፤ ስሟን እስካልጠራሁ ድረስ እንድጽፈው ባለጉዳይዋ ፈቅዳልኛለች። ወደዚያ ሩዝ ከመምጣቴ በፊት ግን እኔው ራሴ ሙሽራ ሳለሁ ስለበላሁት ሩዝ ላውራ።

ወሩ ግንቦት ነበር። የድሬዳዋን ግንቦት የሚያውቅ ያውቃል። መጋላ ያለው ቤታችን ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ቬንትሌተሩ የሚያዞረው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ረፋዱ ላይ ሂና ተቀባሁ። እጄ እስከ ክርኔ፣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ተለቅልቆ መጀመሪያ በጨርቅ፣ በላዩ ደግሞ በፌስታል ተጠቀለለ። ሂና የተቀባች ሙሽራ ዕቃ ናት። ካስቀመጧት አትነሳም፣ ዝንብ አታባርርም፣ ቢያሳክካት የሚያክላት ሌላ ሰው ነው። ቀለሙ እንዲጠቁርልኝ ስለፈለግሁ ደስ ብሎኝ ነበር የታሰርኩት።

የምታጎርሰኝ አክስቴ ከዲጃ ነበረች፤ በእጇ ሙያ መጋላ ይምልባታል። የወንዱ ወገኖች ከመልካ ጀብዱ ስለሚመጡ ሩዙን ገና ጎህ ሲቀድ አብስላ፣ በጨርቅ ሸፍና ከኩሽናው ጥግ አስቀምጣዋለች። ከጥቂት ቀናት በፊት ሥጋ ስትቆርጥ ቢላ ጣቷን መትቷት በብጣሽ ጨርቅ አስራው ነበር። መግሏል፤ ግን የሠርግ ቤት ሥራ እያለ ጣቱን የሚያስታምም ማን አለ? ቀትር ላይ ሩዙን ሞቅ አደረገችና «ሙሽራ ቀድማ ትብላ» እያለች በዚያው እጇ ታጎርሰኝ ጀመር። ዘቢቡ፣ ሄሉ፣ የፍየሉ ጮማ! ይጣፍጥ ነበር፣ አልዋሽም። መጥፎ ሽታ የሚባል አልነበረውም።

እንግዶቹ አርፍደው ደረሱ። የእጮኛዬ እናት አዴ ሩቂያና ታላቅ እህቷ አዴ ሽምሲያ ከፊት ነበሩ (እኛ ድሬዎች ትልቅ ሴትን «አዴ» እንላለን እንጂ አንቱታ እምብዛም አናውቅም፣ አትቀየሙኝ)። በልተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ዘፈኑ ሲደምቅ ሆዴ ተጠመዘዘ። አፌ ምራቅ ሞላ። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፣ እግሬ ታስሯል። «እማዬ» ከማለቴ ፍራሹ ላይ አስመለስኩ። አፌን የምጠርግበት እጅ እንኳ አልነበረኝም።

እልልታው ቆመ። ሴቶቹ ተያዩ። በሠርጓ ዋዜማ የምታስመልስ ልጅ ምን እንደምትባል እኔም አውቃለሁ።

አዴ ሩቂያ አጠገቤ ተንበርክካ በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ አበባሽን መች ነው ያየሽው?» አለችኝ።

«ወላሂ ምንም የለም!»

«ወላሂውን ተይው። መች ነው?»

ልመልስላት ስል ደግሞ አስመለሰኝ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሮጬ አልወጣ፣ ፊቴን በእጄ አልሸፍን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጨንቄ አላውቅም። አዴ ሩቂያ ሻርፗን አስተካክላ፣ «ልጄን ላናግረው» ብላ ተነሳች። ያችን ደጃፍ ከተሻገረች ሠርግ የለም፤ እኔም መጋላ ውስጥ ቀና ብዬ አልሄድም።

አልተሻገረችም። ደጃፉ ላይ ጫማዋን ትፈልግ የነበረችው አዴ ሽምሲያ ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች፤ የበላችውንም እዚያው መለሰችው። ጥርሷ ካለቀ የቆየ አሮጊት ናት።

አንዷ ጎረቤታችን ከጥግ፣ «አቦ፣ እሷም አርግዛ ይሆናላ!» አለች። ሳቁ ሳያበቃ ሌሎችም ተራ በተራ ወደ ግቢ ሮጡ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችን «ምን በላችሁ?» ብላ ነው። ሩዙን ያልቀመሰ አልታመመም። የአክስቴን ጣት ፈትታ አየችው። ከመግሉ ውስጥ ያለው ተህዋሲ ሩዙ ውስጥ ገብቶ በሙቀቱ ሲራባ እንደዋለ ነገረችን።

«አሙቄው ነበር እኮ!» አለች አክስቴ እያለቀሰች።

«ማሞቅ ተህዋሲውን ይገድል ይሆናል፤ የተወውን መርዝ ግን አያጠፋም። የቆሰለ እጅ ምግብ አይንካ፣ የበሰለ ምግብም በዚህ ሙቀት ሳይበላ አይዋል» አለቻት። ሕይወት አድን ቅመም በውሃ በጥብጣ በትንሽ በትንሹ ደጋግማ አጠጣችን። ፊቴ እንደገረጣ ተዳርኩ። ሂናዬ ግን ጠቁሮ ነበር።

ሩዝ ያስደፋሁባት የዚያችም የዘመድ ልጅ ነገር እንዲሁ ሆነ። እጅ እግሯ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠች ላብ አጠመቃት፣ ሳህን ላይ አስመለሰች። ሴቶቹ ተያዩ። ቀድሜያቸው ደርሼ በጆሮዋ፣ «ምን በላሽ?» አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፣ አክስቴ።»

ገባኝ። ቀና ብዬ ቤቱን በጩኸት ሞላሁት። «ሩዙ ነው! ቅድም እኔው አቅምሻታለሁ! ማንም እንዳይነካው፣ ድፉት!»

«ኧረ አሁን ከእሳት የወረደ ነው» አለች ያበሰለችው።

«ሥጋው የትናንት ነው!»

ሥጋው የዚያኑ ጠዋት የታረደ ነበር። ሽታው እስካሁን ያስቆጨኛል። ጀርም ትፈራለች ይሉኛል፤ አዎ፣ እፈራለሁ። ያንን መተያየት ግን ከጀርም አብልጬ እፈራዋለሁ።