ቅቤ የጠገበው ጠመንጃ

ይህ ነገር ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገር፤ ነጋዴ ነኝና ሌላ አጀማመር አላውቅም። አንዲት ሰጋር በቅሎ፣ የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር፣ ደግሞም በዕድሜዬ ሙሉ እንደሱ ያለ ዳግመኛ ያላየሁት ጠመንጃ። ጥፍሩ ኋላ ተመልሶ ወጥቷል። ግን ጠማማ ነው፤ ብርድ ሲመጣ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል።

ያስታወሰኝ ዛሬ ጠዋት ደጄ ላይ የቆመ ሰው ነው። ከአንኮበር በላይ ካለው ብርዳም አገር ተነስቶ፣ መንገድ ላይ አድሮ፣ ደብረ ብርሃን ሲደርስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል። በክንዱ ቅል አቅፏል። ቅሉን ገና ከሩቅ አወቅሁት፤ አንገቱ ላይ በጅማት የተሰፋ ስንጥቅ አለው። በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን ይመጣል። ዘንድሮ ግን ያመጣው ሰው ቅሉን ቶሎ አላስረከበኝም፤ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ያዘው። ግባና እግርህን ታጠብ አልሁት። መልእክቱ ይቆየንና የቅሉን ነገር ከሥሩ ላውራ።

ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሲብት የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። አልዩ አምባ ገበያ ላይ ከአንድ አርጎባ ጠመንጃ ጠጋኝ ጋር እሠራለሁ፤ ሰይድ ይባላል። የሚቆጣኝ እንደ አባት ነበር፤ የሚከፍለኝም እንደ አባት። ከባሕር በአፋር ግመል እየተጫነ የሚመጣው ጠመንጃ ሁሉ በእኛ ገበያ ያልፋል። በክር እሳት የሚተኮሰው የአያቶቻችን ነፍጥ፣ ባሩዱን በአፉ ጎርሶ በመዳብ ቆብ እሳት የሚያገኘው፣ ከኋላው ጥይት የሚበላው ስናድርና ረሚንግቶን፣ ሁሉም ሰይድ ምንጣፍ ላይ ተራ በተራ ይተኛሉ።

ሰይድ ዓይኔን በጨርቅ አስሮ አንዱን እጄ ላይ ያኖርና “ማነው?” ይለኛል። ምንድን ነው አይልም። ሰደፉን እዳስሳለሁ፣ አፈሙዙን አሸታለሁ፣ መዶሻውን ወደኋላ ስቤ ድምፁን እሰማለሁ። “ሻጭ ስሙን ይዋሻል፤ ብሎኑ ግን አይዋሽም” ይለኝ ነበር። “እጅ የበዛበት ብሎን አፉ ይላጫል።” ፊደል የቆጠርሁት ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ማንበብ የተማርሁት ጠመንጃ ነው።

ታዲያ በዚያ ዘመን በነፍጥ የሚያዝ መሬት ነበር። ባለመሬቱ ግብሩ ጠመንጃው ነው። በየዓመቱ ለመስቀል ሜዳ ወጥቶ አለቃው ፊት ያሳየዋል፤ ያላሳየ መሬቱን ይለቃል። ለእኛ ለነጋዴዎቹ መስከረም የተባረከ ወር ነበር፤ ጠመንጃ እናከራያለን። አንድ ረሚንግቶን በአንድ ማለዳ ሦስት ጌታ ሲያገለግል አይቻለሁ። በሰልፉ ጀርባ በነጠላ ተጠቅልሎ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሮጣል። በዚያ ዓመት ግን አዲስ አለቃ ተሾመና ሥራችንን አበላሸ። ሁሉም የተመዘገበለትን የራሱን ጠመንጃ ያምጣ፣ በፊቴም ይተኩሰው፤ ያልተኮሰ ሰው መሬቱን ለሚተኩስ ይልቀቅ አለ።

እኔም ብልጥ ነኝና፣ የማይተኩስ ጠመንጃ በርካሽ የሚገኘው አሁን ነው ብዬ በቅሎዬን ጭኜ ወጣሁ። አልዩ አምባ ማሽላው ወገብ ደርሶ ላብ ያጠምቃል። ግማሽ ቀን ሽቅብ ወጥተው አንኮበር ሲደርሱ ጉሙ ጆሮ ይቆነጥጣል። ከዚያም በላይ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ዳር ዳሩ በአደይ ቢጫ ሆኗል። በሶዬን በምንጭ ውሃ እየበጠበጥሁ ከደጅ ደጅ ስዞር፣ የወይዘሮ አስካለን ቤት አሳዩኝ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸውን ሩቅ አገር የዳሩ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሴት ነበሩ።

“እሜቴ፣ የሚሸጥ ጠመንጃ አለ ብለውኝ ነበር” አልሁ።

“የሚሸጥ የለም። የታመመ ግን አለ።”

ከጓዳ ተሸክመው አመጡት፤ በባላቸው ቡልኮ ተሸፍኗል። ሲገልጡት የጥላሸት ቆዳ ያበጀ፣ እንደ ምጣድ ሥር የጠቆረ ነገር ነው። ሽታው ደግሞ የብረትም የባሩድም አይደለም፤ ሹሩባዋን ተሠርታ ፀሐይ ላይ የተቀመጠች ሴት ራስ ይሸታል።

“ምን ቀብተውት ነው?”

“ቅቤ ነዋ።”

“ስንት ጊዜ?”

“በየሰንበቱ። እሱ በሕይወት ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱን እቀባው ነበር። ሲሞት እጄ መቀመጫ አጣ።” ሰደፉን በመዳፋቸው አበስ አደረጉት። “ብረትም ቢሆን ይበርደዋል ብዬ ነው።”

ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የአራት ዓመት ሰንበት ቅቤ ከምድጃ ጭስ ጋር ሲጋገር ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ያየው ነው። እስከዚያ ዓመት ጎረቤት ተሸክሞ ያሳይላቸው ነበር፤ ተኩስ ያለው ስላልነበረ ማንም አላወቀም።

በጥፍሬ አንድ ቦታ ፋቅ አደረግሁ። ከሥሩ ብር ብቅ አለ፤ ብሩ ላይ ቀንዱን ወደኋላ የጣለ ድኩላ ተቀርጿል። ባለ ሁለት አፍ፣ በቆብ የሚተኩስ፣ ብሎኑ አንድም ያልተላጨ። የውጭ አገር ሰው ለድሮ ንጉሥ እጅ መንሻ ካመጣው መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ጠመንጃ መኖሩን ሰይድ ሲያወራ ሰምቼ ተረት ይመስለኝ ነበር።

“የሞተ ብረት ነው፣ እሜቴ” አልሁ፣ ፊቴን ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አድርጌ። “እኔ ግን ለነፍስ ብዬ የአንዲት ጊደር ዋጋ እሰጥዎታለሁ።”

እጄን አዩት። “ልጄ፣ ድኩላዋን ስታያት ጥፍርህን ትተህ በጣትህ ጫፍ ዳበስሃት። የሞተ ብረት እንዲህ አይዳበስም።” ቀጥለው ጠላ ቀዱልኝ። “ደግሞስ ጊደሯን የት አሰማራታለሁ? መሬቱ የጠመንጃው ነው። ይልቅ አድነውና አንተው ተኩስልኝ። ሴት ተወካይ ማቆም ትችላለች ብለዋል አለቃው።”

ነገሩ ለእኔ የማይጥም ንግድ ነበር። ቢሆንም ብሎኖቹን መፍታት ጀመርሁ፤ የሆዱን ካላየሁ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቄአለሁ። የፈላ ውሃ ከአመድ ጋር አድርጌ በሁለቱም አፉ አፈሰስሁ። ቅቤው እየቀለጠ ወረደ። የቤቱ ውሻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላሰው፤ እንደሱ የተደሰተ ፍጡር በዚያ ቀን በአካባቢው አልነበረም። ሆዱ ሲጠራ ግን አንደኛውን መዶሻ የሚወረውረው፣ ሞላ የምንለው ብረት ለሁለት ተሰብሮ አገኘሁት። የሌላኛውም ተሰንጥቋል፤ አንድ ጊዜ ይተኩስ ይሆናል፣ ሁለት ጊዜ ግን አይታመንም።

ጠመንጃውን አዝዬ ቁልቁል ወደ ሰይድ ወረድሁ። ድኩላዋን አይቶ እጁን በልብሱ ጠርጎ ዳሰሳት። የቅቤውን ነገር ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ።

“አላህ ይዘንላት” አለ ዓይኑን እየጠረገ። “ሞላ አለኝ። ከሌላ ጠመንጃ የወጣ ነው፤ ተሞርዶ ይገባል። በቅሎህን ተዋት።”

“ጌታው፣ በቅሎ በሞላ?”

“ለመስቀል ሦስት ቀን ቀረው። በቅሎ በሞላ።” ጠመንጃውን ወደ ብርሃን አዞረው። “አንተ ልጅ፣ ዝም ብትል መሬቱ ይወሰድባታል፤ ከዚያ ወዲያ ጠመንጃው በገብስ ዋጋ ያንተ ነው። ይህን አስበኸዋል?”

“አስቤዋለሁ።”

“ታዲያስ?”

“እጄ መቀመጫ አጣ አሉኝ።”

ሰይድ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ሞረዱን አንስቶ ከጠዋት እስከ ዐሥር ሰዓት ራሱ ሞረደው፤ እኔን ማራገቢያ እንኳ አላስነካኝም። ለድካሙ አንድ አሞሌ ጨው አልጠየቀም። በቅሎዋን ግን ወሰደ፤ ወዳጅነት ሌላ፣ ገበያ ሌላ ነው። የአውራ ጣቴን ጥፍር ያጣሁት ሲገጠም ልሞክረው ብዬ ነው፤ አዲሱ ሞላ መዶሻውን እንዲህ ይወረውረዋል ብዬ አልጠበቅሁም። ሰይድ ጣቴን በጨርቅ ሲያስር “ይኸው፣ ድኗል” አለ። ጠመንጃውን ማለቱ ነው።

ያንን ዳገት በእግሬ፣ በዝናብ፣ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ ወጣሁት።

በማግስቱ፣ በመስቀል ዕለት፣ ሜዳው ላይ ቆምን። ወይዘሮ አስካለ ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ከአጠገባቸው፣ መሬቱ ቢለቀቅ ይገባኛል የሚል አንድ ረሚንግቶን የታጠቀ ጎልማሳ ቆሟል፤ ዓይኑን ከጣቴ አላነሳም። ተራዬ ደረሰ። ሁለቱንም አፍ አጉርሻለሁ፤ ቆቦቹን ደፍቻለሁ። መጀመሪያ የተሰነጠቀውን ሞከርሁ፤ እሱ ከሠራ አዲሱን አላደክመውም ብዬ ነው፣ የነጋዴ ቁጠባ። ጠቅ አለና ዝም። ጎልማሳው ቀበቶውን አጠበቀ። ወይዘሮ አስካለን ለማየት አልደፈርሁም።

ሁለተኛውን ሳብሁት።

ሜዳው ተናወጠ። ጭሱ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ነገር አብሮት ወረደ፤ በጠመንጃው ጉድጓድ ሁሉ ተደብቆ የቀረ ቅቤ በአንድ ጊዜ ተነጥሮ ሰልፉ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ከሌሊት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ወታደር አስቡት።

“ኧረ ማነው ወጥ የጣደው?” አለ አንዱ ከኋላ።

አለቃው ሳቁን በጢሙ ሥር ሸሸገ። “ይጻፍ” አለ ለጸሐፊው። “ተኩሷል። አንደኛው አፉ ጾመኛ ነው ብለህ ጻፍ።”

ወይዘሮ አስካለ አልጮሁም፣ እልልም አላሉ። ጠመንጃውን ስመልስላቸው ገና ትኩስ የነበረውን አፈሙዝ ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት። “ድምፁ የሱ ነው” አሉ፤ ለእኔ አልነበረም የተናገሩት።

ስለያቸው አጥብቄ መከርሁ፤ “እሜቴ፣ ከእንግዲህ ደረቅ ጨርቅ ብቻ። አንዲት ጠብታ ቅቤ እንዳያስነኩት።”

“ታዲያ ቅቤውን ለማን ልስጠው?”

ብልጥነቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ “ለእኔ” አልሁ።

የመጀመሪያው ቅል በዓመቱ ለመስቀል መጣ። ከዚያ ክፉ ቀን ገባና ከብቱ አለቀ። ቅሉ ግን አልቀረም፤ ሦስት ዓመት ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ባዶውን መጣ። ለልመና አልነበረም፤ አለሁ ማለታቸው ነበር። ዕቃ ባዶውን አይመለስምና እኔም ያገኘሁትን ገብስ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ገብሱን እንዴት እንዳገኘሁት አልናገርም። በአራተኛው ዓመት እፍኝ የማትሞላ ቅቤ ሥሩ ላይ ተለጥፋ መጣች። የዚያን ቀን አለቀስሁ፤ ለሰው ጭስ ነው አልሁ።

እንግዲህ ያ ዛሬ የመጣው ሰው እግሩን ታጥቦ፣ እህል ቀምሶ፣ በመጨረሻ ቅሉን አስረከበኝ። የልጃቸው ልጅ ነው።

“ባለፈው ሳምንት አረፉ” አለኝ። “ቅሉን ግን በገዛ እጃቸው ሞልተው ከድነውት ነበር። ለጠመንጃው ሰው ስጡ አሉ።”

“ጠመንጃውስ?”

“ግድግዳው ላይ ነው፣ አባቴ። ማንም አልቀባውም።”

ቅሉን ገብስ ሞልቼ ሸኘሁት። ከዚያ ደጃፌ ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁና ከቅቤው በጣቴ ቆርሼ፣ ፀጉር ከለቀቀው ዓመታት የሆነውን ራሴን ቀባሁት። መንገደኛ አየኝ፤ ይየኝ።

ወጪ፦ አንዲት በቅሎ፣ አንድ ጥፍር፣ አንድ ጠመንጃ። ገቢ፦ ሠላሳ ስምንት ቅል ቅቤ፣ ሦስት ቅል ባዶ።